የመድኃኒት ቤት ዕቃ በግርግሙ ፊት፦ የፖርቲናሪ የልደት ሥዕል ከነበረበት ሆስፒታል አንጻር

በፍሎረንስ ከተማ የኡፊዚ ሙዚየም ውስጥ ከሚገኙት የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች መካከል በግዝፈቱም ሆነ በባዕድነቱ ጎልቶ የሚታየው፣ የፍላንደርሱ ሠዓሊ ሁጎ ቫን ደር ጉስ የሠራው የክርስቶስ ልደት ሥዕል ነው። ሥዕሉ በኦክ እንጨት ላይ በዘይት ቀለም የተሠራ ባለ ሦስት ተካፋች ነው። የመካከለኛው ሰሌዳ ቁመት 253 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 304 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ሁለቱ ክንፎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 141 ሳንቲ ሜትር ይሰፋሉ። ክንፎቹ ሲከፈቱ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ትዕይንት ይዘረጋል። ሲዘጉ ግን በጀርባቸው ላይ በግራጫ ቀለም ብቻ፣ የድንጋይ ሐውልት በሚያስመስል አኳኋን፣ የመልአኩ ብሥራት ይታያል።

ስለዚህ ሥዕል ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈውም አብዛኛው ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል፤ አበባውን፣ ብርጭቆውን፣ ነዶውንና ጫማውን አንድ በአንድ ነጥሎ ያነሣና ከሥነ መለኮት ድርሳናት ፍቺ ይፈልግላቸዋል። መንገዱ ፍሬ አፍርቷል። ሆኖም አንድን ቀላል ጥያቄ ወደ ጎን ይተዋል፤ ይህን ሥዕል በመጀመሪያ በፊቱ ቆመው ያዩት እነማን ነበሩ? ሥዕሉ የተሠራው ለሙዚየም አይደለም፤ ለካቴድራልም አይደለም። የተሠራው ለአንድ ሆስፒታል ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ጽሑፍ ሆስፒታሉ ለሥዕሉ ትርጉም እንዲያው ዳራ ብቻ ሆኖ ሊታለፍ እንደማይገባና፣ በሥዕሉ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት የአበባ ዕቃዎች በተለይ ከዚያ ቦታ ውጭ ግማሽ ትርጉማቸውን እንደሚያጡ ይከራከራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከብሩዥ እስከ ፍሎረንስ

ሥዕሉን ያሠራው ቶማሶ ፖርቲናሪ ነው። ቶማሶ በብሩዥ ከተማ የነበረው የሜዲቺ ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ሲሆን፣ ኃላፊነቱን የተረከበው በ1465 ነበር። በ1470 ማሪያ ባሮንቼሊ የምትባል የፍሎረንስ ተወላጅ አገባ። በሥዕሉ ክንፎች ላይ ባልና ሚስቱ ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ተንበርክከው ይታያሉ፤ በግራው ክንፍ አባትየው ከአንቶኒዮና ከፒጄሎ ጋር፣ በቀኙ ክንፍ ደግሞ እናትየዋ ከልጇ ከማርጌሪታ ጋር። ከ1474 በኋላ የተወለዱት ልጆች በሥዕሉ ውስጥ አለመኖራቸው ሥራው በ1470ዎቹ አጋማሽ አካባቢ እንደ ተጀመረ ለሚገምቱ ተመራማሪዎች ዋነኛ ማስረጃ ሆኗል።

የፖርቲናሪ ቤተሰብ ከሳንታ ማሪያ ኑኦቫ ሆስፒታል ጋር የነበረው ግንኙነት ከሥዕሉ በሁለት መቶ ዓመታት ገደማ ይቀድማል። ሆስፒታሉን በ1288 የመሠረተው የቶማሶ ቅድመ አያት ፎልኮ ፖርቲናሪ ነው፤ ይኸው ፎልኮ ባለቅኔው ዳንቴ ያፈቀራት የቢያትሪቼ አባት እንደ ሆነ በልማድ ይነገርለታል። ሳንት ኤጂዲዮ የተባለው የሆስፒታሉ ቤተ ክርስቲያን በ1420 በጳጳሱ በማርቲን አምስተኛ ተባርኳል። በውጭ አገር በንግድ የከበረ የዚያ ቤተሰብ ልጅ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ዋና መሠዊያ ሥዕል ማሠራቱ የአያቶቹን ውርስ ማደስ፣ ስሙንም በትውልድ ከተማው ማኖር ነበር።

የሥዕሉ ጉዞ ራሱ ታሪክ ነው። ከብሩዥ ወደ ፍሎረንስ ሥዕል መላክ አደጋ እንዳለው የሜዲቺ ባንክ ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከቶማሶ በፊት የቅርንጫፉ ኃላፊ የነበረው አንጄሎ ታኒ ከሠዓሊው ከሃንስ ሜምሊንግ ያሠራው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል በ1473 በባሕር ላይ ሳለ በዳንዚግ ሰዎች ተዘርፏል፤ እስከ ዛሬም የሚገኘው በዚያችው ከተማ፣ በአሁን ስሟ በግዳንስክ ነው። የሁጎ ሥዕል የተሻለ ዕድል ገጠመው። በመርከብ በሲሲሊ በኩል ዞሮ ፒሳ ደረሰ፤ ከዚያም በአርኖ ወንዝ ላይ በጀልባ ተጉዞ በሳን ፍሬዲያኖ በር በኩል ከተማዋ ገባ። ግንቦት 28 ቀን 1483፣ 16 ተሸካሚዎች ተሸክመው ሆስፒታሉ አደረሱት።

ሠዓሊው ግን ያን ቀን አላየም። ሁጎ በጌንት ከተማ የሠዓልያን ማኅበር በ1467 አባል ሆኖ ስመ ጥር ከሆነ በኋላ፣ በብራስልስ አቅራቢያ ወደሚገኘው ቀዩ ገዳም ገብቶ በወንድምነት ይኖር ነበር፤ ያረፈውም በ1482 ነው። የገዳሙ ወንድም ጋስፓር ኦፍኸይስ ሁጎ በመጨረሻ ዓመታቱ የአእምሮ ሕመም እንደ ያዘው ጽፏል። ይህ ማስታወሻ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲታወቅ የሠዓሊውን ሥራዎች በሙሉ በሕመሙ መነጽር የማየት ፈሊጥ ተከተለ፤ ኤሚል ቮተርስ የተባለው የቤልጅግ ሠዓሊም በ1872 «እብዱን» ሁጎን ሣለ። በእረኞቹ ፊት ላይ የሚነበበውን ስሜት ከሠዓሊው ሕመም ጋር ማያያዝ ለልብ ወለድ ይመች ይሆናል፤ ለጥናት ግን አይረዳም። ሥዕሉ ሲጀመር ሁጎ በሙያው ጫፍ ላይ የነበረ ሰው ነው።

በመሬት ላይ የተኛው ሕፃን

የመካከለኛውን ሰሌዳ የሚያይ ሰው በመጀመሪያ የሚገርመው ባዶው ቦታ ነው። ድንግል ማርያም በመካከል ተንበርክካ እጆቿን አገናኝታለች። ፊት ለፊቷ፣ ከግርግሙ ርቆ፣ ሕፃኑ ራቁቱን በባዶ መሬት ላይ ተኝቷል። ዮሴፍ፣ መላእክቱና እረኞቹ ክብ ሠርተው ሲከብቡት በእነርሱና በሕፃኑ መካከል ሰፊ ክፍት ቦታ ቀርቷል፤ ማንም አይነካውም፤ ማንም አያነሣውም።

ይህ አቀማመጥ ከሉቃስ ወንጌል ጋር አይስማማም። በወንጌሉ እናትየው ሕፃኑን በመጠቅለያ ጠቅልላ በግርግም አስተኝታዋለች። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትም፣ በኢትዮጵያ የብራና ወንጌሎች ውስጥ የሚገኙት የልደት ሥዕሎች ጭምር፣ በጥንቱ የቢዛንታይን ሥርዓት ማርያምን ጋደም ያለች፣ ሕፃኑን ደግሞ የተጠቀለለ አድርገው ይሥላሉ። የምዕራቡ ለውጥ ምንጭ የስዊድኗ ብሪጊታ ናት። ብሪጊታ በ1372 ቤተ ልሔምን ስትሳለም አየሁት ባለችው ራእይ፣ ማርያም ጫማዋን አውልቃ፣ ተንበርክካ ስትጸልይ ያለ አንዳች ምጥ ወለደች፤ ሕፃኑም ራቁቱን በምድር ላይ ሆኖ ያበራ ነበር፤ ብርሃኑም ዮሴፍ ያበራትን ሻማ አደበዘዛት። ይህ ራእይ በአጭር ጊዜ ውስጥ በጣሊያንና በሰሜን አውሮፓ ተሰራጭቶ የሠዓሊያኑን ልማድ ለወጠ። ሁጎ የተከተለው ይህን ባህል ነው። በስተግራ፣ በዮሴፍ አቅራቢያ፣ ወድቆ የሚታየው አንድ የእንጨት ጫማም ከዚህ ጋር፣ እንዲሁም ሙሴ በተቀደሰው ስፍራ ጫማውን እንዲያወልቅ ከታዘዘበት የዘጸአት ታሪክ ጋር ይያያዛል።

አሥራ አምስቱ መላእክት የምዕራቡን ቤተ ክርስቲያን ልብሰ ተክህኖ ለብሰዋል። አንዳንዶቹ በወርቅ ጥልፍ የከበደ ካባ፣ ሌሎቹ የዲያቆን ልብስ፣ የቀሩት ደግሞ ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል። ነገር ግን ቀዳሹ ካህን ብቻ የሚለብሰውን የላይ ልብስ የለበሰ አንድም መልአክ የለም። የዚህ ማብራሪያ በተመራማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል፤ በዚህ ቅዳሴ ካህኑም መሥዋዕቱም በመሬት የተኛው ሕፃን ራሱ ነው። ከሕፃኑ ወደ ተመልካቹ ወረድ ብሎ አንድ የስንዴ ነዶ ተጋድሟል። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው ነዶው ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። ሥዕሉ ከመሠዊያው በላይ ቆሞ ሳለ፣ ካህኑ ኅብስቱን ከፍ ባደረገ ቁጥር፣ ኅብስቱ፣ ነዶውና ሕፃኑ ከምእመኑ ዓይን ፊት በአንድ መስመር ይገናኙ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ መገናኘት በሙዚየም ግድግዳ ላይ አይፈጠርም።

ማሰሮውና ብርጭቆው

ከነዶው ፊት፣ ለተመልካቹ እጅግ ቀርበው፣ ሁለት ዕቃዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው በሸክላ የተሠራ፣ ወገቡ ሰርጎድ ያለ፣ በሐረግ ቅጠል ጌጥ የተሸለመ ረጅም ማሰሮ ነው፤ በውስጡ ቀይ ብርቱካናማ ሊሊ፣ ነጭና ወይን ጠጅ አይሪስ ይዟል። ሁለተኛው ጥርት ያለ የመስተዋት ብርጭቆ ነው፤ በውስጡ ሦስት ቀይ ካርኔሽን እና አኩሌጂያ የሚባለው ጥቁር ሰማያዊ አበባ አለበት። በዙሪያቸው መሬቱ ላይ የቫዮሌት አበቦች ተበትነዋል።

ኤርዊን ፓኖፍስኪ በ1953 ስለ ጥንታዊው የፍላንደርስ ሥዕል ባሳተሙት ታላቅ ሥራ «የተሰወረ ምልክት» የሚለውን ሐሳብ አስፋፍተዋል፤ ይህም በእውነተኛ ቁስ መልክ ተሸፍኖ የተቀመጠ ሃይማኖታዊ ትርጉም ማለት ነው። ሮበርት ኮክ ደግሞ በ1964 የዚህኑ ሥዕል አበቦች ለብቻቸው አጥንተዋል። በዚህ መንገድ ቀዩ ሊሊ የሕማማት ደም፣ ነጩ አይሪስ ንጽሕና፣ ወይን ጠጁ በማርያም ልብ ያለፈው ሰይፍ፣ ሦስቱ ካርኔሽን ሥጋ መልበስና የመስቀሉ ችንካሮች፣ አኩሌጂያው የማርያም ኀዘን፣ ቫዮሌቱ ትሕትና ሆነው ተፈትተዋል። ብርሃን ሳይሰብረው የሚያልፍበት ብርጭቆም የድንግልናዋ ምሳሌ ነው። እነዚህ ፍቺዎች በጊዜው ድርሳናት የሚደገፉ ናቸው፤ የሚያከራክሩ አይደሉም።

የሚያከራክረው በቂ ናቸው ወይ የሚለው ነው። ምክንያቱም አበቦቹ የገቡበት ማሰሮ የአበባ ማስቀመጫ አይደለም። ጣሊያኖች አልባሬሎ ይሉታል፤ የመድኃኒት ቤት ዕቃ ነው። ቅባት፣ የደረቀ ሥር፣ ዱቄትና ሽሮፕ ይቀመጥበታል። ወገቡ የሰረጎደው በመደርደሪያ ላይ ተጠጋግተው ከተሰለፉት መካከል አንዱን በእጅ ይዞ ለማውጣት እንዲያመች ነው፤ የአፉ ጠርዝም በብራና ወይም በጨርቅ ተሸፍኖ በገመድ እንዲታሰር ተደርጎ የተበጀ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው በቫሌንሲያ የሙስሊም ሸክላ ሠሪዎች ጥበብ የዳበረው፣ ብረት መሰል አብረቅራቂ ቀለም የሚቀባው ዓይነት ሲሆን፣ በንግድ ወደ ጣሊያንም ወደ ብሩዥም በብዛት ይገባ ነበር። የሳንታ ማሪያ ኑኦቫ ሕሙማን፣ አስታማሚዎችና መድኃኒት ቀማሚዎች ይህን ቅርጽ በየዕለቱ ያዩታል። በመሠዊያው ላይ ሲያዩት ከሥነ መለኮት መጽሐፍ በፊት የሚያስታውሳቸው የሆስፒታሉን መደርደሪያ ነው።

አበቦቹም ቢሆኑ ለእነርሱ ምልክት ብቻ አልነበሩም። አይሪስ ሥሩ፣ ቫዮሌት አበባው፣ በዘመኑ መድኃኒት ቅመማ ውስጥ የታወቀ ቦታ ነበራቸው። ስለ አይሪስ አንድ ተጨማሪ ነገር ማስታወስ ይገባል፤ የፍሎረንስ ከተማ ዓርማ «ሊሊ» እየተባለ ቢጠራም ቅርጹ የአይሪስ ነው። ፍላንደርሳዊው ሠዓሊ ይህን አስቦ ይሁን ሳያስብ፣ የፍሎረንስ ተመልካች የከተማውን አበባ በመድኃኒት ማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው።

ክርስቶስን እንደ ባለ መድኃኒት ማየት ከጥንት አባቶች ጀምሮ በምዕራቡም በምሥራቁም የታወቀ ትምህርት ነው። የላቲኑ ቃል «ሳሉስ» ጤናንም ድኅነትንም በአንድ ድምፅ ይገልጻል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ከማንም በላይ የተመቸ ነው፤ በአማርኛው የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ቁጥር 11 መልአኩ ተወለደላችሁ ብሎ ለእረኞቹ የሚያበሥረው «መድኃኒት» ነውና። በዚህ ቃል አዳኙና የሚያድነው ቅመም ሳይለያዩ ይኖራሉ። በሳንት ኤጂዲዮ መሠዊያ ላይ ማሰሮው ከሕፃኑ ጋር በአንድ መስመር መቀመጡ ይህንኑ በቃል ሳይሆን በዕቃ የሚናገር ነው።

ለዚህ ንባብ ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ሊቀርቡበት ይችላሉ። አንደኛው፣ ሁጎ ሆስፒታሉን አይቶት እንደማያውቅ የሚታመን መሆኑ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል። ሜምሊንግ በ1485 አካባቢ በአንድ የሰው ምስል ጀርባ ላይ ሊሊ፣ አይሪስና አኩሌጂያ የያዘ የሸክላ ዕቃ ሥሏል፤ ሥዕሉ ዛሬ በማድሪድ በቲሰን ሙዚየም ይገኛል። እዚያ ሆስፒታል የለም፤ አበቦቹ ግን አንድ ናቸው። ስለዚህ ሠዓሊው አበቦቹን የመረጠው ለሆስፒታሉ ብሎ ነው የሚል ክርክር አያዋጣም። የሚያዋጣው ሌላ ነው። የሜምሊንግ ዕቃ የክርስቶስ ስም ምልክት የተጻፈበት ማንቆርቆሪያ ሲሆን፣ የሁጎ ግን የመድኃኒት ማሰሮ ነው፤ ደግሞም ሥዕሉን ያሠራው ሰው አያቱ የመሠረቱትን ሆስፒታል መሠዊያ እያሰበ ያሠራ ነበር። ከሠዓሊው ሐሳብ በላይ ግን የሚመዝነው የቦታው ሥራ ነው። የትም ቢቀመጥ የማርያምን ኀዘን የሚናገር አበባ፣ በሕሙማን ቤት ሲቀመጥ የሕሙማኑንም ኀዘን ይናገራል።

ከዚህ ጋር አንድ የማኅበር ጉዳይ ይያያዛል። በፍሎረንስ ሠዓልያን በሙያ የሚታቀፉት በሐኪሞችና በመድኃኒት ቀማሚዎች ማኅበር ውስጥ ነበር፤ ቀለማቸውን የሚገዙትም ከመድኃኒት ቤት ነው። በቅዱስ ሉቃስ ስም የተቋቋመው የሠዓልያን የጸሎት ማኅበርም ከዚሁ ከሳንታ ማሪያ ኑኦቫ ጋር የቆየ ትስስር ነበረው። ስለዚህ ይህን ሥዕል ሊያዩ የመጡት የከተማዋ ሠዓልያን ማሰሮውን በሁለት ዓይን ያዩት ነበር፤ የሕሙማን መድኃኒት መያዣ፣ የራሳቸውም ቀለም የሚወጣበት የመደብር ዕቃ።

ከዘንዶው ሆድ የወጣችው ቅድስት

በክንፎቹ ላይ የባለቤቶቹ ቅዱሳን ቆመዋል። በግራ ጦር የያዘው ሐዋርያው ቶማስና ደወል ያለው አባ እንጦንስ ናቸው፤ እነዚህ የአባትየውና የታላቁ ልጅ የስም ቅዱሳን በመሆናቸው ብዙ አያነጋግሩም። በቀኝ በኩል ግን እንግዳ ነገር አለ። ማርያም መግደላዊት የእናትየዋ የስም ቅድስት፣ ቅድስት ማርጋሬት የልጅቷ የስም ቅድስት ናት። ሠዓሊው ግን ቦታቸውን አለዋውጧል፤ ከእናትየዋ ጀርባ የቆመችው ማርጋሬት ናት፤ ከልጅቷ ጀርባ ያለችው መግደላዊት ናት።

ይህን መለዋወጥ እንደ ስሕተት ማለፍ ቀላል ነበር። ጁሊያ ሚለር በ1995 ባሳተሙት ጥናት የተሻለ ምክንያት አቅርበዋል። በገድሏ መሠረት ማርጋሬት ዘንዶ ውጧት ከሆዱ ያለ ጉዳት የወጣች ናት፤ ስለዚህም በምዕራቡ ዓለም የወላዶች ጠባቂ ሆና ስትለመን ኖራለች። በሥዕሉም የዘንዶው አፍ ከእግሯ ሥር ይታያል። በ1470 አግብታ እስከ 1474 ሦስት ልጆች ለወለደች፣ ሌሎችም ለምትወልድ ወጣት ሴት ከጀርባዋ መቆም የሚገባት ቅድስት ማን እንደ ሆነች ያን ጊዜ ለማንም ግልጽ ነበር። በዚያ ዘመን ወሊድ ሴትን ከሚገድሉት ነገሮች ዋነኛው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ከታየ በኋላ የሥዕሉ ሌሎች ክፍሎች አብረው ይነሣሉ። በግራው ክንፍ፣ ከቅዱሳኑ ኋላ ባለው ድንጋያማ ቁልቁለት፣ ነፍሰ ጡሯ ማርያም ከአህያዋ ወርዳ በዮሴፍ ተደግፋ በእግሯ ትወርዳለች። ይህ በልደት ሥዕሎች ዘወትር የሚገኝ ትዕይንት አይደለም። የጠቆረው ሰማይ፣ ቅጠል አልባዎቹ ዛፎች፣ የዮሴፍ ክንድ፣ ሁሉም የአንዲት የከበደች ሴትን ድካም ይናገራሉ። ከዚያ ዓይን ወደ መካከሉ ሲመለስ ያለ ምጥ የወለደችውን ተንበርክካ ያገኛታል። መከራውና ከመከራው ነጻ የሆነው ልደት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሳንታ ማሪያ ኑኦቫ የሴቶች ክፍልም ነበረው፤ በዚያ ለተኙት ይህ ጎን ለጎንነት ምን ይሆን እንደ ነበር ለመገመት ድርሳን አያስፈልግም።

እረኞቹ

ፍሎረንሶችን በመጀመሪያ የማረካቸው ግን ማሰሮውም ቅድስቲቱም አልነበሩም፤ እረኞቹ ነበሩ። ከቀኝ ተንደርድረው የገቡት ሦስት እረኞች ከመላእክቱም ከአሠሪዎቹም ይገዝፋሉ። ፊተኛው እጆቹን አገናኝቶ ተንበርክኳል፤ ሁለተኛው እጆቹን ዘርግቶ ጎንበስ ብሏል፤ ሦስተኛው ገና በመድረስ ላይ ነው፤ አፉ ተከፍቷል፤ ጥርሶቹ ይታያሉ። እጆቻቸው በሥራ የሻከሩ፣ ጥፍሮቻቸው የጠቆሩ ናቸው። ገበሬና እረኛ በኢጣልያ ሥዕል ውስጥ አዲስ አልነበረም፤ በዚህ ግዝፈትና በዚህ ቅርበት፣ ሳይሳቅበትም ሳይዋብም መሣሉ ግን አዲስ ነበር። ሀብታሙ ባንከኛ በክንፉ ላይ ትንሽ ሆኖ ተንበርክኮ ሳለ ድሃው እረኛ በመካከል ገዝፎ መታየቱ በሆስፒታል ውስጥ የራሱ ክብደት ነበረው፤ ከመሠዊያው ፊት ከሚሰበሰቡት ብዙዎቹ ለባንከኛው ሳይሆን ለእረኛው የሚቀርቡ ነበሩና።

የዚህን ተጽዕኖ ግልጽ ምስክር ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ ሰጥቷል። በሳንታ ትሪኒታ ቤተ ክርስቲያን ለሳሴቲ ቤተሰብ የሠራው የእረኞች ስግደት በሰሌዳው ላይ በተጻፈው መሠረት የ1485 ሥራ ነው፤ የሁጎ ሥዕል ከተማዋ ከገባ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው። አሠሪው ፍራንቼስኮ ሳሴቲ የሜዲቺ ባንክ ጠቅላላ ሥራ አስኪያጅ፣ የቶማሶም የበላይ ነበር። የብሩዥ ቅርንጫፍ ለቡርገንዲው መስፍን ለደፋሩ ሻርል ባበደረው ገንዘብ ሳቢያ፣ መስፍኑም በ1477 በናንሲ ጦርነት ከወደቀ በኋላ ከስሮ ሲፈርስ፣ ቶማሶን አልተቆጣጠረውም የሚለው ወቀሳ በሳሴቲ ላይም አርፏል። ሁለቱ ባንከኞች በመክሰሩ ብቻ ሳይሆን በሥዕልም ተገናኝተዋል።

ጊርላንዳዮ ሦስቱን እረኞች ወስዷል፤ በዚያው በቀኝ በኩልም አስቀምጧቸዋል። ነገር ግን አለስልሷቸዋል። የተከፈተው አፍ ተዘግቷል፤ ሩጫው ቆሟል፤ ወደ ሕፃኑ በጣቱ የሚያመለክተው እረኛም የሠዓሊው የራሱ መልክ እንደ ሆነ ይታመናል። ማሰሮውንና ብርጭቆውን ግን አልወሰደም። በአበቦቹ ፈንታ ያስቀመጠው ሌላ ዕቃ ነው፤ የሕፃኑ ግርግም በላቲን የተጻፈበት የሮማውያን የድንጋይ ሬሳ ሣጥን ሆኗል። ጽሑፉ በኢየሩሳሌም የወደቀ ፉልቪየስ የተባለ ጠንቋይ፣ ይህ መቃብሬ አምላክን ያስገኛል ብሎ እንደ ተነበየ ይተርካል። ከኋላም የሰብአ ሰገል ሠራዊት በፖምፔይ ስም በተሠራ የድል በር በኩል ይተምማል።

ይህ ለውጥ የጣሊያን ሠዓሊ ለጥንታዊት ሮማ ባለው ፍቅር ብቻ ሲተረጎም ቆይቷል። ፍቅሩ አለ። ነገር ግን የሳሴቲ ጸሎት ቤት የመቃብር ቤት ነው። ከሥዕሉ ግራና ቀኝ ፍራንቼስኮና ሚስቱ ኔራ ኮርሲ በግድግዳው ላይ ተንበርክከው ተሥለዋል፤ የሁለቱም ጥቁር የድንጋይ መቃብሮች በዚያው ግራና ቀኝ ናቸው። በመቃብሮች መካከል የሚቆም የልደት ሥዕል የመድኃኒት ማሰሮ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ባዶ ሊሆን ያለ መቃብር ነው። ጊርላንዳዮ የሁጎን ሥዕል ያየው እንደ ሙያ ሰው ነው፤ የትኛው ክፍል ለየትኛውም ቤት እንደሚሆን፣ የትኛው ደግሞ የዚያ ቤት ብቻ እንደ ሆነ ለይቶ ወስዷል።

የሁጎ ሥዕል ከሳንት ኤጂዲዮ መሠዊያ ከተነሣ በኋላም በሆስፒታሉ ይዞታ ሥር ቆይቶ በ1900 ወደ ኡፊዚ ተዛወረ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የሠዓሊውን ስም ከዚህ ሥዕል ጋር ያያያዘው ዋነኛ ምስክር ቫዛሪ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለ አንድ «የአንትወርፕ ኡጎ» የጻፈው አጭር መስመር ነበር፤ እርሱም ቢሆን ሥዕሉን የጠቀሰው ከነቦታው፣ የሳንታ ማሪያ ኑኦቫው ብሎ ነው። የጊርላንዳዮ ሥዕል በአንጻሩ ከተሣለለት ጸሎት ቤት ውስጥ፣ በሁለቱ መቃብሮች መካከል፣ ዛሬም አለ። ከኡፊዚ እስከ ሳንታ ትሪኒታ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።